ጀሪካኗ ከማን ጋር ነው የምታድረው?

ለበዓል አገር ቤት ሊሄዱ ነው እንበል። መኪናው ታጥቧል፣ ጎማው ተነፍቷል፣ ለእናት ነጠላ ለአባት ጋቢ ተገዝቷል፣ ቡናውና ስኳሩ በየፌስታሉ ተቋጥሯል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። የማደያው ሰልፍ ጅራቱ የት እንዳለ አይታይም፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ደግሞ «ኧረ እዚያማ ጠብታ የለም!» ብሎ አስደንግጦ ሄዷል። «መንገድ ላይ ብቀርስ?» የምትለው ሐሳብ እንቅልፍ ትነሳለች። ሲነጋ እርስዎም እንደ ሰው ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ፍለጋ ይወጣሉ። የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚያች ጀሪካን ነው። መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም? ከተያዘችስ የት ትቀመጥ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጉዞው በፊት ባለችው ሌሊት ከማን ጋር ትደር?

እኔ ጡረተኛ ሹፌር ነኝ። ከ1979 እስከ 2012 ዓ.ም. መሪ ይዤ የልጆች አባት ሆንኩ፤ አብዛኛውን ዘመን የመስክ መኪና ነበር የምነዳው። የምኖረው ዘነበወርቅ ነው፤ የንጉሡ ልጅ የልዕልት ዘነበወርቅ ስም በወጣለት፣ አለርት ሆስፒታል ባለበት ሰፈር። ከእኛ ተነስቶ አየር ጤናን፣ ዓለም ገናን፣ ሰበታን አልፎ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ጅማ እያለ የሚወርደው መንገድ ደጃችን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በዓል በደረሰ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ብቅ ይላል። «ጋሼ፣ ጎማውን እስቲ ይዩልኝ»፣ «ጋሼ፣ ይህ ድምፅ ምንድነው?» ይሉኛል። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣኸው መቼ ነው?» ትለኛለች እንጂ ነገሩስ ደስ ይለኛል።

ጀሪካን የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? የመኪና ቃሎቻችን አብዛኞቹ የጣሊያን ናቸው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፎሌ ሁሉም ከዚያው ነው። ጀሪካን ግን መነሻው ጀርመን ነው። ጀርመኖች በ1930ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለጦር ሠራዊታቸው ባለ 20 ሊትር የብረት ዕቃ ሠሩ። ሦስት እጀታ አለው፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ እንዲሸከመው፣ ባዶውንም አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ሁለት እንዲይዝ። ሲሞላም ከላይ ትንሽ የአየር ቦታ እንዲተርፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንግሊዞች በጦርነቱ ማርከው አዩትና ወደዱት። የጀርመንን ወታደር «ጄሪ» እያሉ ይጠሩት ስለነበር ዕቃውንም «የጄሪ ቆርቆሮ» አሉት። ይህን የምነግርዎት ለወሬ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። ያ ዕቃ ለነዳጅ ተብሎ የታሰበበት ነው። እኛ ዛሬ ጀሪካን የምንለው ቢጫ ፕላስቲክ ደግሞ ዘይት የመጣበት ነው። ክዳኑ ለዘይት እንጂ ለቤንዚን አልተሠራም። ስሙን ወረሰ እንጂ ሙያውን አልወረሰም።

እኔ በሥራ ዘመኔ ጀሪካን አልያዝኩም ብል ውሸት ይሆናል። ሳልይዝ እንዴት እሄድ ኖሯል! ከኮንሶ ወደ ጂንካ፣ ከጂንካ ወደ ኦሞራቴ ስንወርድ፣ ወይም ወደ ኦጋዴን ስንዘልቅ፣ ማደያ የሚባል ነገር ቀን ሙሉ አይታይም። ስልክ የለም። አንዱ መኪና ካለፈ ሌላው ነገ ነው። ግን የመስክ መኪና ሌላ ነው። የእኛ በናፍጣ የሚሄድ ላንድክሩዘር ነበር፤ ጀሪካኑ ብረት ነው፤ የሚታሰረውም ከውጪ በኩል በተሠራለት ማቀፊያ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። ከሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ አይሳፈርም። ናፍጣና ቤንዚን ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ናፍጣ እንዲቀጣጠል መጀመሪያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ያወጣል። ማለትም ዘነበወርቅ ውስጥ፣ በብርድ ሌሊት፣ ውርጭ ላይ የተቀመጠ ቤንዚንም «አልተኛሁም» እያለ ነው። የሚነደው ደግሞ ፈሳሹ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው። ያ እንፋሎት ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ፣ በበር ሥር ሾልኮ፣ ከሰል ምድጃ ያለበትን ይፈልጋል። እሳት ካገኘ መልሶ በመጣበት መንገድ ነበልባሉን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይሮጣል። አይታይም። ሽታውን ደግሞ አፍንጫ ጥቂት ከቆየ ይለምደዋል።

ወደ ጎረቤቴ ልምጣ። የዛሬ ዓመት ለመስቀል ነው። ሰፈራችንና አካባቢው፣ አየር ጤናም ኮልፌም፣ ለመስቀል ግማሹ ባዶ እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ጉራጌ አገሩ ይገባል፤ መንገዱም በእኛው በኩል ነው። ጎረቤቴ ገና ወጣት ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ እናቱም አብረውት ይኖራሉ። የወንድሙን ቪትዝ ተውሶ ቤተሰቡን ይዞ ከወልቂጤ አለፍ ብሎ እምድብር አካባቢ ሊወርድ ነው። በአጥር ብቻ ነው የምንለያየው፤ ምጣዱ ሲሰማ እኔ ቤት እንጀራው ይሸታል።

በዋዜማው ምሽት ግን የሸተተኝ እንጀራ አልነበረም።

«ቤንዚን ነው» አልኳት ባለቤቴን። «ከመኪናው ይሆናል» አለች። የመኪና ሽታ አይደለም። ተነስቼ ሄድኩ። ሲገቡ በስተቀኝ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አንደኛዋ አፏ ላይ ፌስታል ተደርቦ ነው ክዳኗ የተጠበቀው። ውጪ እንዳይተዋቸው ሌባ ፈራ (አይፈረድበትም! በዚያ ሰሞን ነዳጅ ከወርቅ ይብስ ነበር)። መኪናው ውስጥም እንዳይተው መስታወት ይሰበራል ብሎ ሰጋ። ስለዚህ ቤት አስገባቸው። እናቱ የሚተኙት እዚያው ሳሎን ነው። ትንሿ ልጅ ጀሪካኑን ተደግፋ ትጫወታለች። ሚስቱ ደግሞ በረንዳው ላይ ከሰሉን አቀጣጥላ፣ ሊግል ሲል ወደ ውስጥ ልታስገባ እጀታውን ይዛዋለች። የበዓል ቡና ነዋ!

«አንቺ ልጅ፣ እሱን እዚያው ተይው» አልኳት። ድምፄ ሳይጠና አልቀረም፤ ደነገጠች። ምድጃውን ወደ ግቢው ጫፍ ወሰድነው። በሩንም መስኮቱንም ከፈትኩ። መብራቱን አታጥፉ፣ አታብሩም አልኳቸው፤ ማብሪያው ራሱ ሲነካ በዓይን የማትታይ ብልጭታ አለችው። ሁለቱን ጀሪካን አንድ በአንድ አውጥቼ ከግድግዳ ራቅ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ባልየው መጣ። ተቆጣ። «ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ በየመንገዱ ነዳጅ ሞልቶ ነበር። ልጆቼን በረሃ ላይ ላስቀምጣቸው ነው?» አለኝ። ሰው ቤት ገብቶ ማዘዝም ነውር እንደሆነ በዘዴ ነገረኝ። እውነት ለመናገር በእኔ ጊዜም አልሞላም ነበር፤ በደርግ ዘመን በኩፖን ስንቀዳ ያየ ያውቀዋል። ግን ክርክሩን ተውኩት። የሰውዬው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው። ሦስት ልጅና አሮጊት እናት ይዞ ማታ ላይ ጊቤ በረሃ አፋፍ መቆምን የሚፈራ አባት ሞኝ አይደለም። በዚያ ላይ ገንዘቡን አስቡት። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ጉድ ተባለ፤ በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። ይህ የማደያው ዋጋ ነው። የጓሮው ዋጋ ስንት እንደሆነ ገዥውና ሻጩ ያውቁታል። ያንን ሁሉ ከፍሎ ያመጣውን «አውጣው» ሲሉት ይከፋዋል።

ነገሩን የገለበጠችው ሚስቱ ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጀሪካኑ በመኪናው ከሄደ እኔና ልጆቼ በሚኒባስ እንሄዳለን። እማማንም ይዤ እሄዳለሁ። አንተ ከጀሪካንህ ጋር ና» አለችው። አማቷም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለመስቀል ሚስትና እናት በሕዝብ መኪና መጥተው አባወራው ብቻውን በቪትዝ ሲደርስ ዘመድ ምን እንደሚል መገመት ነው!

ይኼኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣሁ። «ታንኩ ስንት ይይዛል?» አልኩት። አያውቅም። (የራሱ መኪና ያለውም ብዙ ሰው አያውቅም፤ እርስዎስ ያውቃሉ?) የቪትዝ ታንክ፣ እኛ ሹፌሮች ሰልባትዮ የምንለው፣ ከ40 ሊትር ትንሽ ከፍ ይላል። ከዘነበወርቅ እምድብር ደርሶ መልስ፣ እዚያ ዘመድ ጥየቃ የሚዞረውን ጨምሮ፣ 400 ኪሎ ሜትር ብንል በዛ። ሰውና ዕቃ ተጭኖ፣ ጋራውም ተቆጥሮ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። 400 ለ14 ሲካፈል 29 ሊትር አይሞላም። ሙሉ ታንክ ወስዶ ይመልሰዋል፤ ተርፎም ከሩብ በላይ ይቀራል!

ወረቀቷን ደጋግሞ አያት። ጀሪካን የፈለገው ነዳጅ ስላነሰው ሳይሆን ታንኩን ሳይሞላ መጠባበቂያ ስለፈለገ ነው። ታንኩ ውስጥ የነበረው 12 ሊትር ግድም ብቻ ነበር። መጠባበቂያውን ከሶፋ ጀርባ አስቀምጦ ዋናውን ባዶ ትቶታል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው። መኪና ሠሪው ታንኩን ከወለሉ ሥር፣ ግጭት በማያገኘው ቦታ፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ አድርጎ ሠርቶ ሰጥቶናል። ከእሱ የተሻለ ጀሪካን ከየትም አይገዛም።

በማግስቱ ሲነጋ፣ ሰውም እሳትም ሳይነቃ፣ ግቢው ውስጥ ገለበጥነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ስልካችንን ቤት ትተን፣ ሲጋራ የሚባል ሳይታሰብ። የሃይላንድ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጠን፣ አፉን ወደ ታች አድርገን ማውረጃ ሠራን፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅም ጣል አደረግንበት። የጓሮ ቤንዚን ውሃ ወይም ላምባ ሊቀላቀልበት ይችላል። ውሃው ስለሚከብድ ከታች ይረጋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሳይነቃነቅ ያደረውን ጀሪካን ቀስ ብሎ ማጋደል፣ የመጨረሻዋን አንድ ሊትር ያህል ለብቻ በመስታወት ብርጭቆ ቀድቶ ማየት ነው። ከሥሩ ሌላ መልክ ያለው ነገር ከተኛ ታንክ ውስጥ አይግባ። ላምባ ከሆነ ግን በዓይን አይለይም፤ ጨርቅም አይመልሰውም፤ ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ነው የሚታወቀው። የመጀመሪያዋ ጀሪካን ሙሉዋን ገባች፤ ከሁለተኛዋ ግማሽ ያህሉ። የተረፈውን የጎረቤት ሚኒባስ ሹፌር በገዛበት ዋጋ ወሰደለት። ታንኩ ጢም አለ። ቤተሰቡም በአንድ መኪና ሄደ።

ተመልሶ ሲመጣ ከሩብ በላይ ተርፎት ነበር። ምስጋናስ? ዕድር ላይ ሒሳቡን ራሱ እንዳሰበው አድርጎ ሲያወራ ሰማሁት። ይሁን! ወሬው ይዛመት እንጂ በማን ስም እንደሆነ ምን ቸገረኝ።

አሁን አንዱ አንባቢ «አንተ ስለ እምድብር ታወራለህ፣ እኔ ሚዛን ነው የምሄደው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ጅማ ብቻውን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቦንጋ አለ፣ ሚዛን አለ፣ በሌላ በኩል በደሌና መቱ አሉ። ለረጅም መንገድ የእኛ የሹፌሮች ሕግ አንድ ነበረች። ታንክህ ግማሽ ሲሆን ባዶ ነው ብለህ አስብ። ወሊሶ ላይ ሰልፍ ከሌለ፣ ሦስት ሩብ ቢኖርህም ቅዳ። «ወልቂጤ እቀዳለሁ» ብሎ ማለፍ የመንገደኛ ጠባይ ነው። ሁለተኛው፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር መጠየቅ ነው። ምሳ ቤት ላይ ከጅማ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ካለ የትኛው ከተማ ነዳጅ እንዳለ፣ የትኛው ማደያ ከነጋ ጀምሮ ገመድ እንዳሰረ ይነግርዎታል። ከዚያ ሹፌር የተሻለ ጋዜጣ የለም (አዘጋጁ ይቅር ይበለኝና)። ሦስተኛው ክፍያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚቀዳው በስልክ ተከፍሎ ስለሆነ፣ ነዳጅ እያለ ኔትወርክ ወይም ባትሪ አጥቶ መቆም መጥቷል። ስልኩን ሞልቶ፣ ገንዘቡንም አስቀድሞ አስገብቶ መነሳት አሁን ከጉዞው ስንቅ አንዱ ሆኗል።

ስለ ቁጠባም ልናገር፤ የቆጠቡት ሊትር እንደተያዘ ሊትር ነውና። ጊቤን ስንወርድ «በፎሌ ልልቀቀው» የሚል ሹፌር ዛሬም አለ። በድሮዋ ካርቡራቶር መኪና ጥቂት ጠብታ ይተርፍ ይሆናል። በዛሬዋ መኪና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ካነሱ መኪናዋ ራሷ ነዳጁን ትዘጋለች፤ ቁልቁለቱ ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ካስገቡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል፤ ፍሬኑም ብቻውን ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲይዝ ይግላል፣ ይከዳል። በፎሌ የወረደ ሰው ነዳጅም አይተርፈው፣ ፍሬንም አይኖረው።

እሺ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም መያዝ ግድ ከሆነስ? መጀመሪያ ሕጉን ይወቁ። ማደያዎች ያለ ፈቃድ በጀሪካን መቅዳት ተከልክለዋል፤ ኬላ ላይ ከተገኘም ነዳጁ ይወረሳል፣ ባለቤቱም ይጠየቃል። የሩቅ የመስክ ሥራ ያለው መሥሪያ ቤት ለዚህ ደብዳቤ ያስወጣል። ደብዳቤው ካለ ዕቃው ለነዳጅ የተሠራ ይሁን፤ ከአንገቱ በላይ አይሞላ። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል። አዲስ አበባ ላይ በብርድ የተሞላ 20 ሊትር ጊቤ ሲደርስ 20 ዲግሪ ቢጨምር ወደ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ያህል ይሰፋል፤ ቦታ ካላገኘ በክዳኑ ያለቅሳል። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነው። አርባ ምንጭ ላይ የተዘጋ ፕላስቲክ ጀሪካን ጨንቻ ሲደርስ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እንደ ነፍሰ ጡር ይነፋል። እንዲህ ያለውን ክዳን በአንድ ጊዜ አይክፈቱ፤ ጥቂት አላልተው ይተንፍስ፣ ፊትዎንም ያርቁ። ሲሞላም መኪናው ላይ እንዳለ ሳይሆን መሬት አውርደው ነው። ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሲሞላ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

የሚጫነው ፒክአፕ ላይ ከሆነ ከኋላ፣ ቆሞ፣ ጥላ ሥር፣ በጠፍር ታስሮ። እንደ ቪትዝ ዓይነት፣ የኋላው ዕቃ ቦታ ከሰው መቀመጫ ጋር አንድ አየር የሚተነፍስ መኪና ከሆነ መልሴ አጭር ነው። አይያዝ። የእኛን ጠባይ ደግሞ ያውቁታል! መስኮት መክፈት አንወድም። «ንፋስ ይመታናል» ብለን ዘጋግተን፣ ስምንት ሰው ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ልጅ ሲያስመልሰው «መኪና አይስማማውም» ተብሎ ሎሚ ያሸቱታል። ከኋላው ያለው ጀሪካን እየተነፈሰ ራሱን እያዞረው እንደሆነ ማን ያስባል? ልጆች መኪና ውስጥ ከወትሮው በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካሉ ቆሙ፣ አውርዷቸው፣ አየር ያግኙ።

የሃይላንድ ጠርሙስ ነገር ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በየመንገዱ ዳር ቤንዚን በውሃ ጠርሙስ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ባጃጁም ሞተር ሳይክሉም ይገዛል። የተረፈችው ግማሽ ጠርሙስ ወንበር ሥር ትጣላለች። የተጠማ ልጅ ምን አውቆ! ቤንዚን የዋጠ ሰው ካጋጠመዎት ጣት ከትተው አያስመልሱት፤ ወተትም አይጋቱት። ሆድ ከገባው ይልቅ ሳንባ የሚገባው ነው የሚገድለው፤ ሲያስመልሰው ደግሞ ያ ነው የሚሆነው። ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። አብሮኝ የሠራ አንድ ረዳት በቱቦ ከታንክ በአፉ ሲስብ ትን አለው። የዋጣት አንድ ጉንጭ አትሞላም፤ ሳንባው ተቆጥቶ ሁለት ሳምንት ተኛ። ከዚያ በኋላ ደረጃ ሲወጣ እንኳ እየቆመ ነበር።

ተገልብጦ ነዳጅ የሚያፈስ ቦቴ ሲያዩ ደግሞ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ሳይሆን መኪናውን አዙሮ መሸሽ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ሳቻንግዋን በሚባል ቦታ፣ በ2001 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሊቀዱ ከተሰበሰቡት ከ100 በላይ ሰዎች በእሳት አልቀዋል።

እሳት ከነካ ግን እንደኛ ቤት ልማድ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ የለም። ቤንዚን የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። በአዲስ አበባ በቃጠሎ ሕክምና የሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል ነው። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን አይጎተት፤ ዙሪያውን በመቀስ ይቆረጥ።

አንድ ነገር ቀርታኛለች፤ ባዶዋ ጀሪካን። የጎረቤቴ እናት ሁለቱን ቢጫ ባዶዎች ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ሀብት ነው። «እጠብና ውሃ እቀዳበታለሁ» አሉ። ኧረ እማማ! ፕላስቲኩ ቤንዚኑን ጠጥቶታል፤ በበረኪና ቢታጠብም አይለቅም። ላምባ ልግዛበት የሚል ደግሞ የባሰ ነው። ሥሩ ላይ የቀረች ጥቂት ቤንዚን ከላምባ ጋር ተቀላቅላ ምድጃ ውስጥ ስትገባ ምድጃው ይፈነዳል፤ በዚህ ስንት እናት ፊቷ ተቃጥሏል። ባዶ ናት ብሎ በጋለ ብረት ሊቆርጣት፣ ሊበሳት የሚሞክርም አለ። ባዶዋ ውስጥ ያለው እንፋሎትና አየር ነው፤ ከሙሉዋ ይልቅ የምትፈነዳው እሷ ናት።

ውሃ ሞልተን፣ ደፍተን፣ ክዳናቸውን ከፍተን ቀናት ፀሐይ ላይ አሰነበትናቸው፤ ከዚያ ቁራሌው ወሰዳቸው። እማማ በምትካቸው ሁለት አዲስ የውሃ ጀሪካን ተገዛላቸውና ታረቅን። ለገና ደግሞ ባልየው ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ፣ አንድ የቆየ የብረት ጀሪካን ገዝቶ መጣ። እውነተኛው ዓይነት ነው፤ ሦስት እጀታ ያለው። ውስጡን በባትሪ አየንለት፤ ዝገት አለው። ጎሚኒውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ይህን ጎሚኒ ካልቀየርክ፣ ዝገቱንም ካላስወለቅክ ለጌጥ ነው» አልኩት። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች። «እሱ ይቆይና» አለችው፣ «ታንኩ ውስጥ አሁን ስንት ሊትር አለ?»